ስም እየጠራችሁ አትለፉን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጉዳዬ አጭር ነው። በጤና ተቋም፣ በወረዳ፣ በፍርድ ቤትና በየመሥሪያ ቤቱ ተገልጋይን በስም እየጠሩ ማስገባት ይቅር፤ ካልቀረም ሌላ ነገር ይጨመርበት ልላችሁ ነው። ለምን እንደምል ለማስረዳት ግን ትንሽ ወደኋላ ልመለስ፤ ፍቀዱልኝ።

የ58 ዓመት ሴት ነኝ። በ1978 ዓ.ም. ገና በልጅነቴ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሽመና ክፍል ተቀጠርኩ። የጉልበቴን ዘመን የጨረስኩት እዚያው ነው። ሽመና ክፍል ገብቶ የማያውቅ ሰው ጩኸቱን በወሬ አይረዳውም። የዚያን ጊዜ ማሽኖች መወርወሪያውን ከወዲያ ወዲህ በዱላ እየመቱ ነበር የሚሠሩት። የአንዱ ምት ብቻውን ደረት ውስጥ ይገባል። አዳራሹ ሙሉ ሲነሳማ ምኑን ልንገራችሁ። 85 ዴሲቤል በሚደርስ ድምፅ ውስጥ በቀን ከ8 ሰዓት በላይ መቆየት ጆሮ እንደሚጎዳ አሁን ተነግሮኛል። ድምፁ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ደግሞ የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። በእንደዚያ ዓይነት ሽመና ክፍል ድምፁ ብዙ ጊዜ ከ90 ያልፋል። የእኛ መከላከያ ጆሯችን ውስጥ የምንወትፈው ጥጥ ነበር። ጥጥ መቼም በሽ ነው! በኋላ ለጆሮ ሐኪሙ ይህን ብነግረው ሳቀ፤ እንዲያ ያለ ጥጥ ያን ድምፅ አይመልስም አለኝ።

እዚያ አዳራሽ ውስጥ በድምፅ የሚያወራ አልነበረም። ወሬያችን በከንፈርና በእጅ ነው። ሁለት ጣት አጋጥሞ መለያየት፣ ክር ተበጥሷል ማለት ነው። አገጭን ዳሰስ ማድረግ ደግሞ ጢማሙ አለቃ መጣ ማለት ነው። ሆድን መታ መታ ማድረግ የምሳ ሰዓት ስንት ቀረው ነው። ሐሜት ሳይቀር በሦስት ማሽን ርቀት እናደርስ ነበር። ዛሬ ሰው የምግባባው በዚያ በተማርኩት ነው። አስተማሪውም አደንቋሪውም ያው ማሽን መሆኑ አንዳንዴ ያስቀኛል።

ምን ያህል እንደማልሰማ የገባኝ በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጥቶ ሰው ሁሉ ማስክ ሲያደርግ ነው። እስከዚያ ለካ ግማሹን የምሰማው በዓይኔ ኖሯል። በአንድ ጊዜ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ማጉረምረም ጀመረብኝ። ባለሱቁ ይናገራል፣ እኔ ማስኩን አያለሁ። ልጄ ጎትቶ ሐኪም ቤት ወሰደኝ።

ሐኪሙ እንዳስረዳኝ በጆሮ ውስጥ ድምፅ የሚቀበሉ ጥቃቅን ፀጉር መሰል ሕዋሳት አሉ። አንዴ ከሞቱ አይተኩም። በጩኸት ቀድመው የሚሄዱት ቀጭን ድምፅ የሚቀበሉት ናቸው። ስለዚህ የወንድ ወፍራም ድምፅ ጸጥ ባለ ቤት እሰማለሁ። የልጅ ልጄን ግን አልሰማትም። ሰ፣ ሸ፣ ፈ፣ ተ የሚባሉት ከንግግር ውስጥ ይጠፉብኛል። ድምፅ እንዳለ አውቃለሁ፤ ምን እንደተባለ አላውቅም። ዘመዶቼ «እሷ እኮ ስትፈልግ ትሰማለች» ይላሉ። ለእነሱ እንደዚያ ቢመስል አይገርመኝም። ባለቤቴ «ቡና ይፈላ» ሲል እሰማለሁ፣ ምራቴ ከጓዳ ስትጠራኝ አልሰማም። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈልጋሉ!

ደግሞ አትጩሁብኝ። ይሄ ግራ ያጋባል መሰለኝ። ቀስ ብለው ሲያወሩኝ አልሰማም፣ ሲጮሁብኝ ያመኛል። በሁለቱ መካከል ያለችው ቦታ በጣም ጠባብ ናት። ሰው ሲጮህ ከንፈሩም ይበላሻል፣ ፊቱም የተቆጣ ይመስላል። ፊት ለፊቴ ሆኖ፣ ብርሃን ፊቱ ላይ እያረፈ፣ ረጋ ብሎ ለሚያወራኝ ሰው ግን ምንም አልልም። ካልገባኝ ያንኑ ቃል ከመደጋገም በሌላ ቃል ቢለውጠው ይሻላል። ከንፈር ላይ በ እና መ አንድ ናቸው። ከ እና ገ ደግሞ ጭራሽ አይታዩም። ወደ አማርኛ የተመለሱ የቱርክ ድራማዎችን ተውኳቸው፤ ከንፈሩ ቱርክኛ ያወራል።

ማዳመጫ ገዝቻለሁ። ግማሹን እኔ፣ ግማሹን አሜሪካ ያለችው እህቴ ከፍላ ነው። ቤት ውስጥ ጥሩ ነው። ሚኒባስ ውስጥ ግን ረዳቱንም፣ ሞተሩንም፣ ራዲዮኑንም አብሮ ስለሚያጎላው አውልቄ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ እሄዳለሁ። ባትሪው ብርቱካናማ ልጣፍ ያለው 13 ቁጥር ነው። ልጣፉ ከተነሳ አየር ገብቶት መሥራት ይጀምራል፣ ብትጠቀሙበትም ባትጠቀሙበትም ያልቃል። ሰው ከአሜሪካ ሲመጣ ሌላው ሽቶ ይጠብቃል፣ እኔ ባትሪ።

አሁን ወደ ስም ጠሪዎቹ። ባለፈው ለደም ግፊቴ አንድ ጤና ተቋም ሄጄ በጠዋት ካርድ አወጣሁ። ነርሷ በሩን ገርበብ ታደርጋለች፣ ማስክ አድርጋለች፣ አንገቷን ካርዱ ላይ ደፍታ ትጠራለች፣ መልሳ ትዘጋለች። ከጎኔ የነበሩት ሁሉ ገብተው ወጡ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ጥበቃውን ብጠይቀው ገብቶ አጣራልኝና «እናቴ፣ ተጠርተው የሉም ተብሏል» ብሎ ጆሮዬ ሥር ነገረኝ። ካርዴ ወደ መዝገብ ቤት ተመልሷል። በሩ ፊት ለፊት ነበር የተቀመጥኩት።

እድራችንም ላይ ያው ነው። ጸሐፊው ስም ይጠራል፣ «አቤት» ያላለ ቀሪ ነው፣ ቀሪ ይቀጣል። ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ የቀሪ ቅጣት ከፍያለሁ። አሁን ጎረቤቴ ጎኔን ጎሸም ስታደርገኝ «አቤት» እላለሁ። አንድ ቀን በሷ ስም አቤት ብዬ ሁለታችንም ተሳቀብን። ወረዳ ስሄድ ግን የሚጎሽመኝ የለም።

መስማት ለተሳናቸው ወገኖች የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ይመደብ ሲባል ደስ ይለኛል፤ ይገባቸዋል። እኔ ግን በዚህ ዕድሜዬ ብማረው ከማን ጋር ላወራው ነው? ቤቴም ሰፈሬም የሚያወራው በአፉ ነው። እንደኔ በጉልምስናው ጆሮው የከበደው ሰው የሚፈልገው ጽሑፍ ነው። ቁጥራችንም ትንሽ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ዕድሜያቸው ከ60 ካለፈ ሰዎች ከሩብ በላይ የሚሆኑት ኑሯቸውን የሚያውክ የመስማት ችግር አለባቸው። ኢትዮጵያም የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትን በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች።

የምጠይቀው ውድ አይደለም። አንዳንድ ባንኮች ወረፋ በቁጥር ሰሌዳ ላይ ያሳያሉ፤ እዚያ ማንንም ሳላስቸግር ተራዬን አውቃለሁ። የመስኮቱ መስታወት ሌላ ጣጣ ቢሆንም ማለት ነው። ሰሌዳ መግዛት ያልቻለ ቁጥር የተጻፈበት ካርቶን ከፍ አድርጎ ያሳይ። ወይም ካርዴ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ጆሮዋ ይከብዳል» ተብሎ ይጻፍና ነርሷ በእጇ ትጥራኝ። «ውጤቱ ሲደርስ እንደውልልዎታለን» የምትሉም እባካችሁ በጽሑፍ ላኩት። በመተግበሪያ የሚጠሩት ታክሲዎች ሾፌሮችም እንዲሁ፤ ቦታዬ ስልካችሁ ላይ እየታየ «የት ነዎት?» ብላችሁ ትደውላላችሁ። ምን ብዬ ልመልስ?

ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ለምትሠሩ ልጆችም አንድ ነገር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብ፣ አደገኛ ሥራ ላይ ያለን ሠራተኛም እንደ አስፈላጊነቱ በራሱ ወጪ እንዲያስመረምር ያዛል። ከሥራ ወጥታችሁ ጆሯችሁ ጭው የሚል ከሆነ፣ ወይም ጓደኛችሁ የምትላችሁ ካልተሰማችሁ፣ አሁኑኑ የጆሮ ምርመራ ጠይቁ። የጆሮ መከላከያውንም በእጃችሁ ተቀበሉ፤ ጥጥ አይደለም ያልኳችሁ።

ዝግጅት ክፍሉ ደብዳቤ ከማውጣቱ በፊት ደውሎ እንደሚያረጋግጥ አውቃለሁ። ስልክ ቁጥሬን ከታች ለእናንተ ብቻ ጽፌያለሁ። አትደውሉ፤ ቴክስት ላኩልኝ፣ ወዲያው እመልሳለሁ።

የቀድሞ የሽመና ክፍል ሠራተኛ
ከቃሊቲ፣ አዲስ አበባ