አዋሽን በባቲ በኩል

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

የኮምቦልቻ ነዋሪ ነኝ። በጥር ከአራት ጓደኞቼ ጋር አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ልንሄድ አስበናል። ያነጋገርነው አስጎብኚ ጉዞውን በአዲስ አበባ በኩል አስልቶ ዋጋውን ሰማይ ሰቀለው። እንዴ! ከእኛ ባቲን ወርዶ፣ ሚሌ ላይ ወደ ደቡብ ታጥፎ፣ በገዋኔ አዋሽ የሚያደርስ አስፋልት አለ እኮ። የከባድ መኪና ሾፌሮቻችን ዓይናቸውን ጨፍነው ያውቁታል። ጋዜጣችሁ እንዲህ ያለውን መንገድ ቢያስተዋውቅልን ምናለበት?

በፓርኩ ልናይ ያሰብነው ይህን ነው፦ ሳላ (ረጅም ቀንድ ያለው የዱር እንስሳ) በኢላላ ሳላ ሜዳ፣ አዞ ፏፏቴው አካባቢ፣ በስተሰሜን ደግሞ ፍል ውሃው ከነዘምባባው። በእግር ስንንቀሳቀስ መሣሪያ የያዘ ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) እንወስዳለን። ለጉብኝት የምንወጣው ንጋት 12 ሰዓት ነው፤ ረፋዱ ላይ እንስሳቱም ጥላ ፍለጋ ይገባሉ። «ቆላ ለምደናል» የሚለውን ጓደኛዬን አትስሙት፤ የኮምቦልቻ ሙቀት ለአዋሽ ጥላ ነው። የፈንታሌን ተራራ ግን ከእቅዱ አውጥተነዋል። ባለቤቴ በዚያው አካባቢ የደረሰውን የ2017ቱን የመሬት መንቀጥቀጥ አልረሳችም፤ እኔም አልተከራከርኳት።

በዚህ መስመር በቅርቡ የሄደ አንባቢ ካለ፣ ነዳጅ የት እንደቀዳ ቢጽፍልን ደስ ይለናል።

አንባቢያችሁ፣ ከኮምቦልቻ