ዕድራችን ለታመመውም ይድረስ

የተከበሩ አዘጋጅ፣

የምኖረው አራት ኪሎ ነው። እናቴ በካንሰር ስታርፍ ዕድራችን ድንኳን ለመትከል አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀበትም። ወንበሩም ብረት ድስቱም ወዲያው መጣ። እግዜር ይስጣቸው። ከዚያ በፊት በነበሩት ሦስት ወራት ግን ሌሊቱን ብቻዬን ነበር የማገላብጣት። ጀርባዋ እንዳይቆስል አንሶላውን እወጥራለሁ፤ ከንፈሯን በእርጥብ ጥጥ አርሳለሁ።

አሁን የሰፈራችን ሴቶች ተራ ገብተው አልጋ ላይ የዋሉ ጎረቤቶችን ያግዛሉ። አንዷ የታመመችውን ገላዋን ታጥባታለች፣ ሌላዋ አጥሚት ታፈላለች። አስታማሚው ሁለት ሰዓት ይተኛል። ሁለት ሰዓት ምን ማለት እንደሆነ ያስታመመ ያውቀዋል።

ስቃዩ ግን በአጥሚት አይታገስም። ሞርፊን የሚባለው ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያለ መድኃኒት ነው። ብዙ ቤተሰብ ግን «ሱስ ያስይዛታል» ብሎ ይፈራል። እኔም ፈርቼ ነበር፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በከተማችን ሆስፒስ ኢትዮጵያ የተባለ ድርጅት ሕሙማንን ቤታቸው ድረስ ሄዶ ይረዳል። ዕድሮች እንዲህ ያለ ባለሙያ ጋብዘው ቢያስረዱን፣ ከመዋጮውም ጥቂቱን ለዳይፐርና ለፍራሽ ቢመድቡ ምን አለበት? የኛ ዕድር የፊታችን እሁድ ይሰበሰባል። ሐሳቡን ይዤ እሄዳለሁ።

አንድ የአራት ኪሎ ነዋሪ