ደብተሩ እየመጣልሽ ነው

ውድ ልጄ፣

በስልክ «አባዬ፣ የገጾቹን ፎቶ ብቻ ላክልኝ፤ ደብተሩ እዚያው ይቀመጥ» ስትዪኝ ዝም ያልኩት ተቀይሜ አልነበረም። መልሱ በስልክ የሚያልቅ ስላልመሰለኝ ነው። ፎቶዎቹን ልኬልሻለሁ፤ በመስኮት ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ ነው ያነሳኋቸው። የአያትሽ የምግብ አሠራር ደብተርም ከዚህ ደብዳቤ ጋር እየመጣ ነው።

አያትሽ ባረፈች ሰሞን ፎቶግራፏን ማየት አልቻልኩም ነበር። ፎቶግራፍ ዝም ብሎ ያይሻል፤ ምንም አይልሽም፣ የምትመልሺለትም ነገር የለም። ደብተሩ ግን ያዝዛል። «ሽንኩርቱን አድቅቂ። እሳቱን ቀንሺ። አሁን አትነካኪው።» ምን ላድርግ ብሎ ደንዝዞ ለተቀመጠ ሰው፣ ተነስ ብሎ የሚያዝዘው ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። እኔም ያን ሰሞን ሌሊት እየተነሳሁ ሽንኩርት አደቅቅ ነበር። እናትሽን ሽታው እየቀሰቀሳት ብዙም ደስ አላላትም፤ ግን ምንም አላለችኝም።

ያኔ ነው ትእዛዙ ሁሉ ለሴት መሆኑን ያስተዋልኩት። «ክተፊ፣ ጨምሪ፣ አማስዪ።» እናቴ ራሷን «አንቺ» እያለች ጽፋ ይሆናል ብዬ አልፌው ነበር። ደግሜ ሳየው ግን የመጀመሪያዎቹ ገጾች ከሰው አፍ የተቀዱ ናቸው። ፊደሉ ይቸኩላል፤ ዓረፍተ ነገሩ መሃል ላይ ይቋረጣል፤ ኬኩ ላይ ሲደርስ «ቆዪ፣ ረስቼው ነው፤ ቅቤው ይቀድማል» የሚል አለ። ለራሱ እንዲህ ብሎ የሚጽፍ ሰው የለም። ተናጋሪዋ የእሷ እናት ናት፤ እሷ እየሰማች ትጽፋለች። ቅድመ አያትሽን እኔም አልደረስኩባትም። ያቺ «ቆዪ» ብቻ ናት የደረሰችኝ።

ገጽ 52ን ስትከፍቺ ደግሞ ዳቦ ታገኛለሽ። ጥቁሩ ቀለም ቀርቶ በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፏል። «ዱቄቱን ንፋ። ሊጡን እሸው። አትቸኩል።» ንፋ፣ እሸው፣ አትቸኩል! ከዚያ ገጽ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ትእዛዙ ለወንድ ነው። ከራስጌው ያሰፈረችው ቀን እኔ ከቤት ወጥቼ ለብቻዬ መኖር ከጀመርኩበት ሳምንት ይገጥማል። ስለ ደብተሩ አንድ ቀን እንኳ አንስታልኝ አታውቅም፤ እኔም እሷ በሕይወት ሳለች ከፍቼው አላውቅም። እናትሽ «ለማንም የተጻፈ ሊሆን ይችላል» ትላለች። ይሆናል። በቤታችን «አትቸኩል» የሚባለው ግን ለእኔ ብቻ ነበር።

ያጠፋሁትንም ልናዘዝ። ጽሑፉ ሳይጠፋ ላድነው ብዬ ሁሉንም ኮምፒውተር ላይ ገለበጥኩት፤ እግረ መንገዴንም አስተካከልኩት። «ሽንኩርቱ ይከተፋል፣ ውሃ ይጨመራል፣ ይማሰላል» አልኩ፤ በመጽሐፍ እንደሚታተመው። ቆንጆ ሆኖ ወጣ። ከእሱ እያነበብኩ ሾርባ ሠራሁ፤ ሾርባው ያው ሾርባ ነው፤ ኩሽና ውስጥ ግን ብቻዬን ነበርኩ። ፋይሉን አልደመሰስኩትም፣ ከዚያ ወዲህ ግን ከፍቼውም አላውቅም።

ሁለተኛው ጥፋቴ ገጽ 17 ላይ ይታይሻል። ተቀዶ ስለነበር በግልጽ ፕላስተር አጣበቅኩት። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቢጫ ሆነ፤ ሙጫው ወረቀቱ ውስጥ ዘልቆ በዙሪያው ያለውን ቀለም አደበዘዘው። ልላጠው ብለሽ እንዳትሞክሪ፤ ፊደሉ አብሮ ይነሳል። ላሚኔት እናድርገው የሚልሽ ካለም እሺ እንዳትዪ፤ በሙቀት የተጣበቀ ፕላስቲክ ተመልሶ አይላቀቅም። የወረቀት ጠበብት ከሙቀት፣ ከእንፋሎትና ከፀሐይ አርቂው፣ ኩሽና አታስገቢው ይላሉ። ልክ ናቸው። እኔ ግን አላራቅኩትም። የትኛው ገጽ እንደተወደደ ያወቅኩት በቅባቱ ነው፤ የዳቦው ገጽ ዘይት ጠጥቶ ብርሃን ስለሚያሳልፍ የጀርባው ጽሑፍ ተገልብጦ ይነበብበታል።

መጠን ትፈልጊያለሽ፤ እንደምትበሳጪ አውቃለሁ። «እስኪበቃው» የሚለው ቃል በየገጹ አለ። አሜሪካ በሚገኘው ዬል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከሜሶጶጣሚያ (ከዛሬዋ ኢራቅ አካባቢ) የመጡ፣ ወደ 3,700 ዓመት የሚጠጋቸው የሸክላ ጽላቶች አሉ። በአካድኛ፣ በዚያ አገር ጥንታዊ ቋንቋ፣ የተጻፉ የምግብ አሠራሮች ናቸው። እነሱም ብዙውን ጊዜ መጠን አይናገሩም፤ ውሃ ታዘጋጃለህ፣ ስብ ትጨምራለህ ብለው ያልፋሉ። በእናቴ ላይ መነጫነጬን የተውኩት ይህን ካወቅኩ በኋላ ነው። ደግሞም እነሱም «አንተ» ብለው ነው የሚናገሩት።

«በነጩ ኩባያ» ስትል ግን ኩባያው የለም፤ እኔው ነኝ የሰበርኩት። አትጨነቂ፤ ዱቄቱም ውሃውም በአንድ ኩባያ እስከተለካ ድረስ ኩባያው ትልቅም ሆነ ትንሽ ሊጡ አይዛባም። የሚያስቸግረው እንቁላልና ማንኪያ ሲገቡ ነው፤ እነሱ ከኩባያው ጋር አያድጉም። እዚያ ላይ 250 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ኩባያ ጀምሪ። ዱቄቱንም አትጠቅጥቂው፤ ያው ኩባያ ሲጠቀጠቅ ብዙ ግራም ይጨምራል፣ ዳቦውም ድንጋይ ይሆናል። ሁለት ጊዜ ሠርቼዋለሁ፤ ድንጋዩን ማለቴ ነው።

አንድ ታሪክ ደግሞ አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ናዚዎች ቴሬዚን በሚባል ማጎሪያ ያጎሯቸው ሴቶች እየተራቡ የምግብ አሠራር ከትዝታቸው ይጽፉ ነበር። ከመካከላቸው ሚና ፔኽተር የተባለች በ1944 እዚያው ሞተች። ከመሞቷ በፊት ጽሑፉን ለልጄ አድርሱልኝ ብላ ለሰው አደራ ሰጥታ ነበር፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ኖሮ ኒው ዮርክ ልጇ ዘንድ የደረሰው 25 ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። ብዙዎቹ አሠራሮች ጎደሎ ናቸው፤ አንዱ ንጥረ ነገር ወይም አንዱ ደረጃ ተዘሏል። እንደተጻፈው ላብስለው ብትዪ አይሆንልሽም። እኔ ግን ፎቶው ይበቃኛል ባልሽኝ ጊዜ ያቺን እሽግ የተቀበለችውን ልጅ ነበር የማስባት።

አሁን ሥራ ልስጥሽ። ገጽ 52፣ አራተኛው መስመር። «አንድ ሙ… ኩባያ ውሃ» ይላል፤ ከ«ሙ» ቀጥሎ ያለው ፊደል ላይ ዘይት ፈሶበታል። እኔ «ሙቅ» ነው እላለሁ፤ እርሾ ለብ ያለ ውሃ ይወዳል፣ በጣም ከጋለ ግን ይሞታል። እናትሽ «ሙሉ» ነው ባይ ናት። ሁለታችንም በየራሳችን ንባብ ጋግረን የሁለታችንም ዳቦ ስለተነሳ ክርክሩ 11 ዓመት ሆኖታል። የአንቺ ዓይን ከእኛ ይሻላል። ገጹን መስኮት ላይ ደግፈሽ፣ ከጀርባ ብርሃን አስገብተሽ እዪው። ያየሽውን ግን መጀመሪያ ለእኔ ንገሪኝ።

አባትሽ