አላርሙ ለምን በየክፍሉ ይገባል? ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ከረማችሁ? ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው በደብረ ብርሃን፣ በደብረ ሲና፣ በሸዋ ሮቢት፣ በመሐል ሜዳና በአካባቢው ሆቴል፣ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ፣ አዳራሽ ወይም ፋብሪካ ለምታስተዳድሩ ሁሉ ነው። የእሳት አደጋ አላርም ፕሮፎርማ የሰጠናችሁ ብዙዎቻችሁ አንድ ጥያቄ ደጋግማችሁ ጠይቃችሁናል። «ኮሪደሩ ላይ አንድ ሆርን (የሚጮኸው መሣሪያ) ካለ አይበቃም ወይ? በየመኝታ ክፍሉ፣ እስከ መጸዳጃ ቤቱ ድረስ፣ ምን ያደርጋል?»

ጥያቄው ተገቢ ነው። ገንዘቡ የእናንተ ነው። ስለዚህ የሆርኑና ብልጭ የሚለው መብራት፣ ማለትም የስትሮቡ፣ ቁጥር ከየት እንደመጣ በደንብ ልናስረዳችሁ ፈለግን። ባጭሩ ቁጥሩን የሚወስነው የኮሪደሩ ርዝመት አይደለም። የሚወስነው የተዘጋው በር ነው፤ ከበሩ ጀርባ ያለው ሰውም ነው።

ከድምፁ እንጀምር። በአውሮፓ መመዘኛ የሚሠራ ሆርን ጉልበቱ የሚለካው 1 ሜትር ርቀት ላይ ነው። የአሜሪካው ደግሞ 3 ሜትር ገደማ ላይ ይለካል። ስለዚህ ሁለት ዕቃ ስታወዳድሩ ቁጥሩን ብቻ አትዩ፤ በስንት ሜትር እንደተለካ ጠይቁ። አንድ ሆርን በ1 ሜትር ላይ 100 ዲሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ይሰጣል እንበል። ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር 6 ዲሲቤል ይቀንሳል። በ2 ሜትር 94፣ በ4 ሜትር 88፣ በ8 ሜትር 82፣ በ16 ሜትር 76 ይሆናል። ኮሪደር ውስጥ ግድግዳው ድምፁን ስለሚመልሰው ቅነሳው ትንሽ ይለዝባል፤ ግን መቀነሱ አይቀርም።

ከዚያ በሩ ይመጣል። ተራ የእንጨት በር ሲዘጋ 20 ዲሲቤል ገደማ ይወስዳል። ወፍራም የእሳት መከላከያ በር ከሆነ ወደ 30 ይጠጋል። 76 የነበረው ድምፅ ተራውን በር ሲያልፍ 56 ገደማ ይሆናል ማለት ነው። ይህ ሁለት ሰዎች በዝግታ ሲያወሩ የሚሰማውን ያህል ነው። የአሜሪካው መመዘኛ ኤንኤፍፒኤ 72ም፣ የእንግሊዙ ቢኤስ 5839ም ለተኛ ሰው የሚጠይቁት ትራሱ አጠገብ 75 ዲሲቤል ነው። በ56 እና በ75 መካከል ያለው ልዩነት በመተኛትና በመንቃት መካከል ያለ ልዩነት ነው።

እዚህ ላይ የአገራችን ብርድ ይጨመራል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ማን መስኮት ከፍቶ ይተኛል? እንግዳው በሩን ይቆልፋል፣ መጋረጃውን ይዘጋል፣ ብርድ ልብሱን እስከ ጆሮው ይስባል። ኮሪደር ላይ ያለው ሆርን ይህን ሁሉ አልፎ እንዲቀሰቅሰው መጠበቅ አይቻልም። ለዚህ ነው ሆቴልና የተማሪ ማደሪያ ላይ በየመኝታ ክፍሉ ሆርን የምንጽፈው። ዕቃ ለመሸጥ ብለን አይደለም።

የድምፁ ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። ብዙዎቹ ርካሽ አላርሞች የሚጮኹት በጣም ቀጭን ድምፅ ነው፤ 3,000 ሄርዝ አካባቢ (የሄርዙ ቁጥር ሲጨምር ድምፁ ይቀጥናል)። ይህ ድምፅ የነቃን ሰው ያስደነግጣል። የተኛ ሕፃን ግን እሱን ሰምቶ ላይነቃ ይችላል። ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች መጀመሪያ የሚያጡት ይህንኑ ቀጭን ድምፅ የመስማት አቅም ነው። መጠጥ ቀምሶ የተኛም እንዲሁ ይከብደዋል። ጥናቶች ያሳዩት 520 ሄርዝ የሆነ ወፍራም ድምፅ እነዚህን ሰዎች በተሻለ እንደሚቀሰቅስ ነው። ኤንኤፍፒኤ 72ም ከ2014 (በፈረንጆች) ጀምሮ ለመኝታ ክፍሎች ይህን ድምፅ ይጠይቃል። ዋጋው ከፍ ይላል፣ የሚወስደው ኃይልም ይበዛል። መኝታ ክፍል ላይ ግን በርካሹ ይቀየርልን ብትሉን አንመክርም።

ትምህርት ቤቶች አንድ ነገር ልብ በሉልን። የክፍል መግቢያና መውጫ ደወላችሁ ከእሳቱ አላርም ጋር አንድ ዓይነት መሆን የለበትም። ልጁ ደወሉን ሰምቶ ደብተሩን መሰብሰብ ከጀመረ ጊዜው ሄደ። ለመውጣት የተወሰነው ዓለም አቀፍ ምት ሦስት ጩኸት ነው፤ እያንዳንዱ ግማሽ ሰከንድ ይቆያል፣ በመሃሉ ግማሽ ሰከንድ ዝም ይላል። ከሦስተኛው በኋላ አንድ ሰከንድ ተኩል ዝም ይልና ይደግማል። የምንገጥመው በዚህ ምት ነው። ተማሪዎቹ ሰልፍ ላይ አንድ ሁለቴ ይስሙት። ልጆች ቶሎ ይይዙታል።

አሁን ወደ ስትሮቡ። «የተረፈ ነገር» ተብሎ መጀመሪያ የሚሰረዘው እሱ ስለሆነ ረዘም አድርገን እናስረዳ።

መስማት የተሳነው ሰው ኮሪደር ውስጥ ወይም ምግብ አዳራሽ ውስጥ ካለ ሌሎች ሲሮጡ ያያል። አንዱ እጁን ይይዘዋል። መጸዳጃ ቤት ገብቶ በሩን ሲቆልፍ ግን ብቻውን ነው። እሱን የሚያይ ሰው የለም፣ እሱም ሲሮጥ የሚያየው ሰው የለም። መኝታ ክፍሉ ውስጥም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ስትሮብ ይበልጥ የሚያስፈልገው ሰው በብዛት ከሚተላለፍበት ቦታ ይልቅ ሰው ብቻውን በሚሆንበት ቦታ ነው። ከጽዳት ሠራተኞቻችሁ፣ ከተማሪዎቻችሁ፣ ከእንግዶቻችሁ መካከል የመስማት ችግር ያለበት ማን እንደሆነ ሁልጊዜ አታውቁም። ብዙ ሰው ስለዚህ ጉዳይ አይናገርም። ሕንፃው ለሕዝብ ክፍት ከሆነ እሱም እንደሚገባ ታሳቢ ተደርጎ መሠራት አለበት።

የብርሃኑ ጉልበት የሚለካው በካንዴላ ነው። 6 በ6 ሜትር ለሆነ ቢሮ 15 ካንዴላ ስትሮብ ግድግዳ ላይ ይበቃል። መኝታ ክፍል ላይ ግን የተዘጋ ዓይንን አልፎ መቀስቀስ ስላለበት 110 ካንዴላ ያስፈልጋል። ከኮርኒሱ ከ60 ሴንቲ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ከተሰቀለ ደግሞ 177 ይሆናል። ምክንያቱ ጭሱ ነው። ጭስ መጀመሪያ የሚሞላው ከላይ ነው፣ ብርሃኑን ይጋርደዋል። ግድግዳ ላይ የምንሰቅለው ከወለሉ ከ2 ሜትር ትንሽ አለፍ ብሎ እስከ 2.4 ሜትር ባለው ከፍታ ውስጥ ነው። «ለውበት ወደ ላይ ይውጣልን» ስትሉን እምቢ የምንለው ለዚህ ነው።

ሌላው ጥያቄያችሁ ደግሞ «ከገበያ ርካሹን ገዝተን ብንሰጣችሁ ትገጥሙልናላችሁ?» የሚል ነው። አንድ ስትሮብ በሰከንድ አንዴ ወይም ሁለቴ ብልጭ ይላል። አንድ አዳራሽ ውስጥ አምስት ስድስት ስትሮብ በየፊናው ብልጭ ካለ ለተመልካቹ ብልጭታው በሰከንድ ብዙ ጊዜ ይሆናል። ይህ የሚጥል በሽታ ያለባቸውንና ለብልጭታ የሚቸገሩትን ሰዎች ሊጥላቸው ይችላል። ስለዚህ በአንድ ዕይታ ውስጥ ያሉ ስትሮቦች እኩል ብልጭ ማለት አለባቸው። የተለያየ ፋብሪካ ዕቃ ሲደባለቅ ብዙ ጊዜ እርስ በርስ አይግባቡም። ገዝታችሁ ከሆነ አምጡት፣ እንፈትሸዋለን። ካልተስማማ ግን እንነግራችኋለን።

ፋብሪካዎች ጋ ነገሩ ይለያል። የሽመና ማሽን በሚሠራበት አዳራሽ ጩኸቱ ብዙ ጊዜ ከ90 ዲሲቤል ያልፋል። በአሜሪካው መመዘኛ ሆርን ደግሞ በአካባቢው ካለው ድምፅ ቢያንስ 15 ዲሲቤል መብለጥ አለበት፤ ከ110 በላይ ግን አይፈቀድም፣ ጆሮ ይጎዳል። ጩኸቱ ከ95 ካለፈ ሂሳቡ አይሞላም ማለት ነው። ሠራተኛው ጆሮውን ከደፈነ ደግሞ ጭራሽ። እዚያ ዋናው ማስጠንቀቂያ ብርሃኑ ነው፣ ድምፁ አጋዥ ይሆናል። ብርድ ልብስ፣ ክርና ጥጥ ያለበት ቤት እሳት ሲነሳ ፍጥነቱን እናንተ ከእኛ ይበልጥ ታውቁታላችሁ።

የሰርግና የስብሰባ አዳራሽ ያላችሁም ሙዚቃውን አስቡ። ዲጄው ከፍ ሲያደርገው ሆርኑን ማንም አይሰማውም። መፍትሔው ሆርን መደራረብ አይደለም። ፓኔሉ፣ ማለትም የአላርሙ መቆጣጠሪያ ሳጥን፣ አላርም ሲሰጥ የድምፅ ማጉያው ኤሌክትሪክ በራሱ እንዲቋረጥ እናገናኘዋለን። ሙዚቃው ድንገት ሲቆም ሰው ሁሉ ቀና ይላል። ወጪው ትንሽ ነው፣ ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው። እባካችሁ ስትሮቡ ላይ ባነር አትስቀሉበት፤ መጋረጃም አታልብሱት። ቀለም ቀቢዎች ሲመጡም አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ግድግዳውን ሲቀቡ እሱንም አብረው ይቀቡታል።

ስለ ኃይሉ ባጭሩ። ሲስተሙ የሚሠራው በ24 ቮልት ነው። ፓኔሉ ውስጥ ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች አሉ። መብራት ከጠፋ ለ24 ሰዓት ጠብቀው ከዚያ በኋላም አላርሙን ማስጮህ አለባቸው። ስትሮብ ሲጨመር ባትሪውም የሚያድገው፣ ዋጋውም ከፍ የሚለው ለዚህ ነው። የሸዋ ሮቢት ደንበኞቻችን ባትሪ ከደብረ ብርሃኑ ቀድሞ ይደክማል። ሙቀት የባትሪን ዕድሜ ያሳጥራል። ፓኔሉን ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ካለ ጠባብ ክፍል አውጥታችሁ ነፋሻ ቦታ ብታስቀምጡት ይጠቅማችኋል። ገመድም አትቆጥቡበት። ገመዱ ቀጭን ከሆነ መጨረሻ ላይ ያለው ሆርን የሚደርሰው ቮልት ይወርዳል። ብዙዎቹ ዕቃዎች ከ16 ቮልት በታች በትክክል አይሠሩም። መጨረሻ ላይ ያለው ክፍል ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከመውጫው የራቀው ክፍል ነው።

ፓኔሉ ላይ ያለችው ቢጫ መብራት ብልሽት መኖሩን ትናገራለች። ፓኔሉ ወደ ሆርኖቹ በሚሄደው ገመድ ላይ ሁልጊዜ ትንሽ ኤሌክትሪክ እየላከ ይፈትሻል። አንድ ቦታ ገመድ ከተቆረጠ ቢጫዋ ትበራለች፣ ፓኔሉም ጢጥ ጢጥ ይላል። ድምፁን አጥፍቶ መተው ቀላል ነው። ግን ከተቆረጠው ቦታ በኋላ ያሉ ክፍሎች በዚያች ሌሊት አላርም የላቸውም። ቢጫዋ ስትበራ በማንኛውም ሰዓት ደውሉልን።

ከሁሉም ይበልጥ የሚያሳስበን ግን ፌስታል የታሰረበት የጭስ ዲቴክተር፣ ማለትም ጭስ ሲኖር ለፓኔሉ የሚያሳውቀው መሣሪያ፣ ነው። ለምን እንደሚታሰር እናውቃለን። ቡና ይቆላል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ አላርሙ ይጮኻል፣ እንግዳ ይረበሻል። ሁለት ሦስት ጊዜ ከሆነ ሰው ይሰለቻል። ቡናውን አቁሙ አንልም። እንዴት ይቆማል? ቡና የሚፈላበት ቦታ የት እንደሆነ ግን ገና ዲዛይኑ ላይ ንገሩን። እዚያ የጭስ ሳይሆን የሙቀት ዲቴክተር እናደርጋለን፤ 57 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ የሚሠራ። ለዕጣንም ለቡናው ጭስም አይጮኽም። የተገጠመውንም መቀየር ይቻላል። ፌስታሉ ከታሰረ ግን ፓኔሉ «ሁሉም ደህና ነው» እያለ ይቆያል፣ ሆርኑም ስትሮቡም የሚጠብቁት ትእዛዝ አይመጣም።

የሌሊት ጥበቃዎችንና የዶርም ፕሮክተሮችን አትርሷቸው። አላርም ሲጮህ መጀመሪያ ፓኔሉ ጋ የሚደርሱት እነሱ ናቸው። ድምፁን ከማጥፋታቸው በፊት ቦታውን ሄደው ማየት እንዳለባቸው ይወቁ። ለአንድ ሰዓት ያህል ጊዜ ከሰጣችሁን ሥልጠናውን እኛ እንሰጣለን፤ ክፍያ የለውም። በየሳምንቱ በአንድ የታወቀ ቀንና ሰዓት አላርሙን ለአጭር ጊዜ አስጩኹት። ሰው ቀኑን ስለሚያውቀው አይደነግጥም፣ በሌላ ቀን ሲጮህ ግን እውነት መሆኑን ያውቃል።

የእኛን ቃል ብቻ አትቀበሉ። ራሳችሁ ሞክሩት። ስልካችሁ ላይ የድምፅ መለኪያ አፕ አውርዱ። ከሆርኑ የራቀውን መኝታ ክፍል ምረጡ፣ በሩን ዝጉ፣ ስልኩን ትራሱ ላይ አስቀምጡ፣ ከዚያ አላርሙን አስጩኹ። የስልክ መለኪያ ጥርት ያለ አይደለም፤ ግን 50 እና 75ን ለመለየት አያንስም። ቁጥሩን ጽፋችሁ ያዙልን።

በጀት ካጠረ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማድረግ አይጠበቅባችሁም። መኝታ ክፍሎቹና መጸዳጃ ቤቶቹ ይቅደሙ፤ ከዚያ ጫጫታ ያለባቸው ቦታዎች ይከተሉ፤ ቢሮዎቹ ይቆዩ። ሕንፃው ገና በግንባታ ላይ ከሆነ የገመድ ማሳለፊያ ቱቦውን አሁኑኑ በየክፍሉ አስቀብሩ። በኋላ ግድግዳ መቦርቦር ከዕቃው ይበልጥ ያስወጣል።

ፕሮፎርማ የያዛችሁ ሁሉ መጥተን ከናንተ ጋር ክፍል በክፍል እንድንዞር ቀን ቁረጡልን። የድምፅ መለኪያችንን ይዘን እንመጣለን። አያስፈልግም ያልነውን ሆርን እዚያው እንሰርዛለን፤ ያስፈልጋል የምንለውንም ምክንያቱን ቆመን እናሳያለን። የተማሪ ማደሪያ ያላችሁ ግን ክረምቱን አታሳልፉት። ተማሪ ከገባ በኋላ በየዶርሙ መሥራት ይከብዳል፤ ነሐሴ ላይ ብትይዙን ለሁላችንም ይመቻል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የድርጅቱ ቴክኒክ ክፍል
ደብረ ብርሃን