ፊርማ ስላለ ብቻ ሁሉም ነገር አይታለፍም

ለአዘጋጁ፣

በአሜሪካ አስከሬን ስለማቃጠል ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። «ቤተሰብ ከፈረመ ድርጅቱ አይጠየቅም» የሚለው ነገር ግን አልዋጥልኝ አለ። ግማሹ ብቻ ነው እውነት።

በብዙ ግዛቶች የቀብር አገልግሎት ሰጪው የተፈረመ ፈቃድ ይዞ በቅን ልቦና ከሠራ፣ ኋላ ሌላ ዘመድ ተነስቶ «እኔ ሳልጠየቅ!» ቢል ሕጉ ይከላከልለታል። ልክም ነው፤ የሰው ቤተሰብ ገበና ማን አጣርቶ ይዘልቀዋል? «መብቱ የኔ ነው» ብሎ የሚያረጋግጠው ፈራሚው ነው፣ ከዋሸም ጣጣው የሱ ነው። ለመፈረም ማን እንደሚቀድም ከግዛት ግዛት ይለያያል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ሟቹ በጽሑፍ የወከለው ሰው ይቀድማል፣ ከዚያ የትዳር ጓደኛ፣ ከዚያ ለአካለ መጠን የደረሱ ልጆች። ቅጹ ሟቹ የልብ ምት ማስተካከያ እንዳለው ሁሉ ይጠይቃል፣ ባትሪው እሳት ውስጥ ይፈነዳላ። ይህን ሁሉ ሰው እያለቀሰ ሳያነብ ይፈርማል፣ እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

አሁን ወደ ሌላው ግማሽ። ፊርማው የፈቀደው የዚያን ሰው አስከሬን ብቻ ነው። የሌላ ሰው ከተቃጠለ፣ አመድ ከተደባለቀ፣ ወይም ልጆቹ እየተከራከሩ መሆኑን ድርጅቱ እያወቀ እሳቱን ከለኮሰ፣ የምን ቅን ልቦና! የተሳሳተ ቀብር ተቆፍሮ ይስተካከላል፤ አመድ ግን አብዛኛውን ጊዜ በዲኤንኤ እንኳ የማን እንደሆነ መለየት አይቻልም። አንዳንድ ግዛቶች 24 ወይም 48 ሰዓት ሳይሞላ አታቃጥሉ የሚሉት አንድም ለዚህ ይመስለኛል።

በ2002 ጆርጂያ ውስጥ ኖብል በምትባል ቦታ፣ ከ300 በላይ አስከሬኖች ሳይቃጠሉ ግቢ ውስጥ ተጥለው ተገኙ። ለአንዳንድ ቤተሰቦች አመድ ተብሎ የተሰጣቸው የሲሚንቶ ዱቄት ነበር! ልብ በሉ፣ የተከሰሰው የማቃጠያው ባለቤት ብቻ አይደለም። አስከሬኖቹን ወደዚያ የላኩ የቀብር ድርጅቶችም ተከሰው ካሳ ከፍለዋል። እነሱ ፊርማ አልነበራቸውም? ነበራቸው እንጂ። በ2023 ደግሞ ኮሎራዶ ውስጥ ፔንሮዝ በምትባል ቦታ፣ አንድ የቀብር ድርጅት ውስጥ 190 ገደማ አስከሬኖች ሲበሰብሱ ተገኙ። ግዛቱ የቀብር አስፈጻሚዎች የሙያ ፈቃድ እንዲያወጡ የሚያስገድድ ሕግ ያጸደቀው ከዚያ በኋላ፣ በ2024 ነው።

ስለዚህ እባካችሁ ጽሑፉን አስተካክሉት። ስታስተካክሉም ቤተሰብ ከመፈረሙ በፊት ሁለት ነገር እንዲጠይቅ ጻፉለት፦ አስከሬኑ የሚቃጠለው የት ነው? ከመረከብ እስከ አመዱ ድረስ መለያው እንዴት ይጠበቃል?

አንድ አንባቢያችሁ