ስብጥር መሆኑን ማረጋገጥና አካፋዩን ማግኘት አንድ አይደሉም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በሳይንስ ዓምዳችሁ የኢንተርኔት መረጃ በትልልቅ ቁጥሮች አማካይነት እንዴት እንደሚጠበቅ ያስነበባችሁን ጽሑፍ በደስታ አንብቤዋለሁ፤ እንዲህ ያለ ርእስ በአማርኛ ጋዜጣ ቦታ ማግኘቱም ያስመሰግናችኋል። ይሁን እንጂ «ኮምፒውተር አንድ ቁጥር ብቸኛ ቁጥር አለመሆኑን ካወቀ አካፋዮቹንም አውቋል» የሚለው አገላለጽ ስሕተት በመሆኑ መታረም አለበት እላለሁ። ብቸኛ ቁጥር የሚባለው ከ1 የሚበልጥና ከ1ና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው ነው፤ ከ1 የሚበልጠው ሌላው ሙሉ ቁጥር ሁሉ ስብጥር ይባላል። ስሕተቱ የመጣው ከክፍል ትምህርታችን ይመስለኛል፤ 15 ስብጥር ቁጥር መሆኑን ለተማሪ የምናሳየው 3ትንና 5ትን አውጥተን ነውና።

አካፋይ ሳይገኝ ስብጥርነት እንዴት ይታወቃል ለሚለው፣ ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ፌርማ እ.ኤ.አ. በ1640 የገለጸው ሕግ መልስ ይሰጣል። ከ2 የሚበልጥ ማንኛውም ብቸኛ ቁጥር ቢወሰድ፣ ብዛታቸው ከእርሱ በአንድ የሚያንስ ሁለቶች እርስ በርስ ተባዝተው ውጤቱ በቁጥሩ ሲካፈል ቀሪው ምንጊዜም 1 ነው። 91ን እንመልከት። 12 ሁለቶች ሲባዙ 4096 ይሆናሉ፤ 4096 ለ91 ሲካፈል 45 ደርሶ 1 ይቀራል። ስለዚህ የ84 ሁለቶች ብዜትም፣ 84 የ12 ሰባት እጥፍ በመሆኑ፣ ቀሪው 1 ነው። 90 ለመሙላት የጎደሉት 6 ሁለቶች 64 ስለሚሆኑ የመጨረሻው ቀሪ 64 እንጂ 1 አይደለም። እንግዲህ 91 ስብጥር ነው፤ 7ም ሆነ 13 በስሌታችን ውስጥ አልታዩም። በእርግጥ ሕጉ ወደ ኋላ አይሠራም፤ 341 የ11ና የ31 ብዜት ሆኖ ሳለ ይህን ፈተና ያልፋል። የወደቀ ቁጥር ግን ያለ ጥርጥር ስብጥር ነው።

በሁለቱ ዕውቀቶች መካከል ያለው ርቀት ምን ያህል እንደሆነ 147573952589676412927 ጥሩ አድርጎ ያሳያል። ይህ ቁጥር 67 ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲቀነስ የሚገኝ ሲሆን፣ ፈረንሳዊው ሊቅ መርሴን እ.ኤ.አ. በ1644 ከብቸኛ ቁጥሮች መድቦት ነበር። ሌላው ፈረንሳዊ የሒሳብ ሊቅ ኤድዋርድ ሉካስ በ1876 በሌላ ዘዴ ስብጥር መሆኑን ሲያረጋግጥ አንድም አካፋይ አልጠቀሰም። አሜሪካዊው ፍራንክ ኔልሰን ኮል 193707721 በ761838257287 ሲባዛ ይህንኑ ቁጥር እንደሚሰጥ ያቀረበው በ1903፣ ማለትም ከ27 ዓመት በኋላ ነው። ዛሬ ኮምፒውተር ይህን በቅጽበት ይሠራዋል፤ ክፍተቱ ግን ከቁጥሮቹ ጋር አብሮ አደገ እንጂ አልተዘጋም። 16777216 ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲደመር የሚገኘው፣ ከ5 ሚሊዮን በላይ አሃዝ ያለውና 24ኛው የፌርማ ቁጥር የሚባለው፣ ስብጥር መሆኑ በ1999 በስሌት ቢረጋገጥም እስካሁን አንድም አካፋዩ አልታወቀም።

ጽሑፋችሁ የጠቀሰው አርኤስኤ የተባለው የምስጢር መጠበቂያ ዘዴም የቆመው በዚሁ ክፍተት ላይ ነው፤ ለሁሉም የሚገለጸው ቁልፉ የሁለት ትልልቅ ብቸኛ ቁጥሮች ብዜት ነውና። አካፋዮቻቸው እንዲገኙ ለውድድር ከቀረቡት እንዲህ ያሉ ቁጥሮች አንዱ የሆነው ባለ 250 አሃዝ ቁጥር አካፋዮቹ የተገኙት በ2020 በብዙ ኮምፒውተሮች ጥምር ሥራ ሲሆን፣ ባለ 617 አሃዙን ፈትቶ ይፋ ያደረገ የለም። ቁልፉ ስብጥር መሆኑን ማንም ያውቃል፤ በግልጽ የሚነገር ነገር ነው። የሚደበቁት ሁለቱ አካፋዮች ብቻ ናቸው። ጽሑፋችሁን አምኖ የተቀበለ አንባቢ ግን ቁልፉ ከወዲሁ እንደተሰበረ ሊቆጥር ይችላል።

ስለዚህ በሚቀጥለው እትም እርማት እንድታወጡና የኮልን ሁለት ቁጥሮች ከብዜታቸው ጋር እንድታትሙልን እጠይቃለሁ፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በወረቀትና በእርሳስ አባዝተው ራሳቸው ሊያረጋግጡት ይችላሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሒሳብ መምህር፣ ከደሴ