ቤታችን ብዥ ያለ ዘይት የለም፦ የፊልም ክበቡ የ2017 ዓ.ም. ውሎ

የዘንድሮው የፊልም ክበብ ሥራውን የጀመረው በጥቅምት፣ መብራት በጠፋበት ዓርብ ነው። የላብራቶሪውን መስኮቶች በሁለት ጋቢና በአንድ የጠረጴዛ ልብስ ጋርደን፣ ድምፅ ማጉያውን ከሚኒ ሚዲያ ክበብ ተውሰን፣ የቶም ሃንክስን «ካስት አዌይ» ከፈትን። አውሮፕላኑ ባሕር ላይ ሲከሰከስ የእኛም መብራት አብሮ ሄደ። ቀሪውን ያየነው በሳምንቱ ነው።

ጨለማው ውስጥ ተቀምጠን መብራቱን ስንጠብቅ አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ «ቲቸር፣ ይሄ ፊልም ነው ወይስ የፖስታ ቤት ማስታወቂያ?» አለ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ልጁ ግን ዓይኑ አልዋሸውም፤ ፊልሙ ከተከፈተ ጀምሮ ጥቅሉም፣ መኪናውም፣ የወደቀው አውሮፕላንም የጥቅል አድራሹ ኩባንያ የፌዴክስ ነው። ስንት ተከፍሎ ይሆን በሚለው ላይ ግምቱ እስከ መቶ ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። የክበቡ ጸሐፊ አጣርታ እንድትመጣ አዘዝኳት።

በሳምንቱ ያመጣችው መልስ ሁሉንም አፍ አስያዘ። ፌዴክስ ፊልሙ ውስጥ ለመታየት አልከፈለም። እ.ኤ.አ. በ2000 ለወጣው ለዚህ ፊልም ያደረገው ነገር ቢኖር ንብረቱንና የሥራ ቦታዎቹን ለቀረጻ መፍቀድ ነው፤ ያውም አውሮፕላኑ ሲወድቅ መታየቱ መጀመሪያ ላይ አሳስቦት ነበር። የኩባንያው መሥራች ፍሬድ ስሚዝ ራሳቸው መጨረሻው አካባቢ ብቅ ይላሉ። የ9ኛ ክፍሉ ልጅ ግን እጁን አልሰጠም፤ «ካልከፈሉማ ጭራሽ ይብሳል፣ በነጻ ነው የተሸጥነው» አለ።

ኳሱም መጣ፤ ደሴት ላይ ብቻውን የቀረው ሰውዬ ፊት ስሎለት ጓደኛ ያደረገው ዊልሰን። ዊልሰን በማዕበሉ ሲወሰድ ከኋላ ወንበር የለቀሰች ተማሪ ነበረች። ዊልሰን የስፖርት ዕቃ አምራች ስም እንደሆነ፣ ከፊልሙ በኋላም ያንን ቀይ ፊት የታተመበት ኳስ ለገበያ እንዳወጣ ስትሰማ «ያለቀስኩት ለብራንድ ነው ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። እውነቱን ለመናገር እኔም ለብዙ ዓመት ዊልሰን ቶም ሃንክስ ለኳሱ ያወጣለት ስም ይመስለኝ ነበር።

የአንድን ድርጅት ዕቃ ፊልም ውስጥ አስገብቶ ማሳየትን የሙያው ሰዎች «ፕሮዳክት ፕሌስመንት» ይሉታል። ልጆቹ «ሰርጎ ገብ ማስታወቂያ» ብለው ስም አወጡለት። ከ10ኛ ክፍል አንዷ «ሰርጎ ገብ ካላችሁማ ፈርዳችሁ ጨርሳችኋል፣ ምን ቀረ ለክርክር?» ብላ ተቃወመች። ልክ ነበረች፤ ስሙ ግን ዓመቱን ሙሉ ተጣብቆ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ክበቡ ለሁለት ተከፈለ። «ይረብሻል» የሚሉት ምስክር ያደረጉት እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣውን «ዘ ትሩማን ሾው» ነው። ትሩማን ሳያውቀው ኑሮው ሁሉ በቴሌቪዥን የሚተላለፍ ሰው ነው፤ ተጨንቆ ከሚስቱ ጋር ተፋጠው ሳለ እሷ የካካዎ መጠጥ ብድግ አድርጋ፣ ፈገግ ብላ፣ ጥራቱን ማወደስ ትጀምራለች። እሱም ለማን ነው የምታወሪው እያለ ያፈጥባታል። ልጆቹ ይህን ቁራጭ ሦስት ጊዜ አስደግመው አዩት። እኔ እንደሚመስለኝ በዚህ ጉዳይ ላይ ከተሠሩት ቀልዶች ሁሉ ይህን የሚስተካከል የለም፤ መጠጡ ያለ ቦታው አልገባም፣ ሚስትየዋ ናት በመካከሉ ሚስትነቷን ያቆመችው።

«ምን አለበት» ከሚሉት ወገን የነበረችው ያችው የ10ኛ ክፍል ልጅ ናት። አንዳንድ ድራማ ላይ የዕቃው ጽሑፍ ብዥ ተደርጎ ሲታይ እንደሚያናድዳት ተናገረች። «ቤታችን ብዥ ያለ ዘይት የለም፤ እኔ ድራማውን ትቼ ምን ተጽፎበት ይሆን እያልኩ ጀሪካኑን ነው የማየው» አለች። ይህን እንፈትነው ተባለ። ሁለት ልጆች አንዲት እናት ሻይ ስታፈላ በስልክ ሁለት ጊዜ ቀረጹ፤ አንዱ ላይ የሻይ ቅጠሉ ፓኬት እንዳለ ነው፣ ሌላው ላይ ስሙ በነጭ ፕላስተር ተሸፍኗል። ለሁለት የተለያዩ ክፍሎች አሳየንና ያስታወሱትን በወረቀት እንዲጽፉ ጠየቅን። ሳይንስ ነው አልልም። ነገር ግን ፕላስተሩን ያዩት ልጆች «ፓኬቱ ቆስሎ ነው?» የሚል ወረቀት ሳይቀር ሲሰጡን፣ ሌላኛው ክፍል ስለ እናትየዋና ስለ ስኒዎቹ ነው የጻፈው።

በኅዳርና በታኅሣሥ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ አየን። ገንዘብ ሁልጊዜ በፖስታ ታሽጎ አይመጣም። እ.ኤ.አ. በ1982 በስቲቨን ስፒልበርግ «ኢ.ቲ.» ውስጥ ልጁ እንግዳውን ፍጡር በከረሜላ ዱካ ያባብለዋል። መጀመሪያ የተጠየቀው የኤም ኤንድ ኤም አምራች ማርስ ነበር፤ አልፈልግም አለ። ሌላው አምራች ኸርሺ ሪሲስ ፒሰስ በተባለው ከረሜላው ገባ፤ የገባውም አንድ ሚሊዮን ዶላር አውጥቶ ፊልሙን በራሱ ማስታወቂያ ሊያስተዋውቅ ተስማምቶ ነው። አንተ እኔን አሳየኝ፣ እኔም አንተን ላውራልህ። የእኛም ፊልሞች መጨረሻ ላይ ሳሎኑን ላበደረ የፈርኒቸር ቤትና ለተቀረጸበት ሆቴል የሚወጣው ምስጋና የዚሁ ዘመድ ነው።

ልጆቹን ከሁሉ ያስደሰታቸው ግን የስልኩ ወሬ ነው። ዳይሬክተሩ ራያን ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ2020 እንደተናገረው፣ አፕል አይፎኑን ለፊልም ይፈቅዳል፤ ክፉው ገጸ ባሕርይ ካሜራ ፊት እንዲይዘው ግን አይፈቅድም። ከዚያ ቀን ወዲህ ክበባችን የወንጀል ፊልም በሰላም አይቶ አያውቅም። ፊልሙ ገና አሥር ደቂቃ ሳይሄድ «እሱ አይፎን ይዟል፣ ንጹሕ ነው!» የሚል ጩኸት ይነሣል። ይህን ከመረበሽ የማይቆጥር ካለ ዓርብ መጥቶ ከእኛ ጋር ይቀመጥ።

የሲጋራው ታሪክ ግን ሳቅ አልነበረበትም። የሲጋራ አምራቹ ፊሊፕ ሞሪስ «ላርክ» የተባለው ሲጋራው እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣው የጄምስ ቦንድ ፊልም «ላይሰንስ ቱ ኪል» ውስጥ እንዲገባ 350,000 ዶላር ከፍሏል። የዚያው ፊልም መጨረሻ ላይ ደግሞ ስለ ሲጋራ ጉዳት የጤና ማስጠንቀቂያ ይነበባል። ሰዓት ሙሉ ካሳዩ በኋላ!

የራሳችንን ፊልም የጀመርነው በመጋቢት ነው። የአሥራ አንድ ደቂቃ ፊልም ነው፤ አንድ ልጅ በማለዳ ዳቦ ሊገዛ ተሰልፎ ሳለ፣ ማታ ያልገባ አባቱን ከመንገዱ ማዶ ያየዋል። ስክሪፕቱን የጻፉት ሁለት የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው፤ አንድ ቃል አልጨመርኩበትም። ችግሩ ብር ነበር፤ ማይክና መብራት መከራየት አለብን። አንዱ ልጅ ግሮሰሪ እንጠይቅ አለ። እምቢ አልኩ። የቢራ ማስታወቂያ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን የወጣው፣ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል መሸጥም የተከለከለው በጨዋታ አይደለም፤ በተማሪ ፊልም በጓሮ በር አናስገባውም።

ቀረጻው ሊደረግበት የታሰበው ዳቦ ቤት ባለቤት ግን ሳንጠይቃቸው ጠሩን። (የቤቱን ስም እዚህ አልጽፍም፤ ሁለተኛ ማስታወቂያ በነጻ ይሆንባቸዋል።) «መምህር፣ ልጆቹ የኔም ልጆች ናቸው፤ 2,000 ብር እሰጣለሁ፣ በቀረጻው ቀን ዳቦም ከእኔ» አሉ። በምላሹ የፈለጉት ሁለት ነገር ነው፤ የቤታቸው ስም የተጻፈበት ሰሌዳ በደንብ እንዲታይ፣ ደግሞም እናትየዋ ዳቦውን ስትቆርስ «የነእትዬ ዳቦ እኮ ሌላ ነው» እንድትል።

ሰሌዳው አላከራከረንም፤ ልጁ የሚሰለፈው እዚያው ነውና። ንግግሩን ግን እንሞክረው ተባለ። እናት ሆና የምትጫወተው ተማሪ የእናቷን ነጠላ አጣፍታ፣ ዳቦውን በሁለት እጇ ይዛ ተቀምጣለች። ልጇ አባቱን ከማን ጋር እንዳየው ሊነግራት አፉን ሊከፍት ነው። ሙቅ ዳቦው ይጨሳል፤ የዳቦ ቤቱ ባለቤት እትዬም ትሪውን እንደያዙ ከካሜራው ኋላ ቆመው ያያሉ። «የነእትዬ ዳቦ እኮ ሌላ ነው» አለች። ዝም ብሎ ያለፈ የለም፤ መብራት የያዘው ልጅ ሳይቀር ሳቀ። ሰባት ጊዜ ተደገመ። በስምንተኛው ተዋናይዋ ዳቦውን አስቀምጣ «ቲቸር፣ ይቺ ሴትዮ ባሏ ጠፍቶባት ስለ ዳቦ ታወራለች?» አለች። እውነቷን ነው። እትዬም ከኋላ «ትተወው በቃ፣ እኔም ብሆን አልለውም» አሉ።

ድርድሩ በዚያው አለቀ። ንግግሩ ወጣ፣ ሰሌዳው ቀረ፣ ብሩ 1,000 ሆነ፤ ዳቦውን እትዬ አላስቀሩብንም። ጸሐፊዋ ደግሞ አንድ ነገር አከለች። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ቴሌቪዥን ላይ የተከፈለበት ዕቃ ያለበት የአገር ውስጥ ፕሮግራም ሲጀምርና ሲያልቅ «ፒ» የምትል ትንሽ ምልክት ይታያል። እኛም ከርዕሱ በፊት «በዚህ ፊልም የሚታየው ዳቦ ቤት 1,000 ብር ሰጥቶናል» ብለን ጻፍን። እኔ ፊልሙን ያበላሸዋል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ በድምፅ ብልጫ ተሸነፍኩ።

በሰኔ መጀመሪያ ለወላጆች አሳየነው። አዳራሹ ጽሑፉን በጸጥታ አነበበ። ልጁ ሲሰለፍና ሰሌዳው ብቅ ሲል ግን ጉድ ፈላ፤ ጭብጨባ፣ ፉጨት፣ «እትዬ! እትዬ!» የሚል ጩኸት። ሰፈሩ ሁሉ ዳቦ የሚገዛው እዚያ ነዋ። አባትየው ማዶ ሲያልፍ ግማሹ ሰው አላየውም። «ምን አለበት» ከሚሉት ወገን ሆኜ ዓመቱን የከረምኩት እኔ፣ የፊልሙ ዋና ቅጽበት በአንድ ሰሌዳ ሲዋጥ ቆሜ አየሁ። ሰውን የረበሸው ማስታወቂያነቱ ነው ወይስ የሚያውቁት ቤት መሆኑ? ያልከፈለ ዳቦ ቤት ቢሆንም ይጮሁ ነበር እላለሁ። የ9ኛ ክፍሉ ልጅ አይስማማም።

ከሁሉም የገረመኝ ግን በማግሥቱ ነው። ኤዲቲንጉን የሠራችው ተማሪ ፊልሙን እያቆመች መጣችና «ቲቸር፣ ማሊያውን አይተውታል?» አለችኝ። ዋናው ተዋናይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የለበሰው የታላቅ ወንድሙን የአርሴናል ማሊያ ነው። ደረቱ ላይ ኤምሬትስ አየር መንገድ፣ እጅጌው ላይ «ሩዋንዳን ጎብኙ» የሚለው ጽሑፍ በእንግሊዝኛ። ስለ አንድ ዳቦ ቤት ወር ሙሉ ስንከራከር አንድ አየር መንገድና አንድ አገር በነጻ ገብተው ተቀምጠዋል። ክበቡም፣ እኔም፣ አዳራሽ ሙሉ ወላጅም አላየናቸውም። ልጅቷ ሰዓት ይዛ ቆጥራለች፤ ሰሌዳው ስድስት ሰከንድ፣ ማሊያው ዘጠኝ ደቂቃ።

የቀረውን ባጭሩ፦ ከሚኒ ሚዲያ ጋር በኅዳር የኤድስ ቀን ዝግጅት አቅርበናል፣ የፕሮጀክተሩ አምፖል አንድ ጊዜ ተቃጥሏል፣ ለእትዬ የፊልሙን ኮፒ በፍላሽ ሰጥተናል። ካዝና ውስጥ 140 ብር አለ። ሂሳብ ያዧ በገቢ መዝገቡ ከዳቦ ቤቱ ሥር «ኤምሬትስ - 0 ብር፣ ሩዋንዳ - 0 ብር» ብላ ጽፋለች፤ ኦዲት ኮሚቴው ከጠየቀ መልሱን እሷው ትስጥ።